የኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይ ሲለወጥ

የቤት ኮምፒዩተር ዛሬ የልጆች ትምህርት መርጃ፣ የቤተሰብም የፎቶግራፍና የሰነድ ማኅደር ሆኗል። አንድ ቀን ማብሪያው ተጭኖ ዝም ካለ፣ በቅድሚያ ከሚጠረጠሩት ክፍሎች አንዱ ፓወር ሰፕላይ የተባለው ሳጥን ነው። ይህ ክፍል በአገራችን ያለውን የ220 ቮልት ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ወደ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት እየለወጠ ለሌሎቹ ያድላል። ፎቶግራፉና ሰነዱ የሚቀመጡት በሌላ ክፍል ስለሆነ ወዲያው ጠፉ ብሎ መደንገጥ አይገባም።

ባል በግዳጅ ላይ ቢሆን ሚስት ሥራውን ልታከናውነው ትችላለች። ሆኖም ጥይቱን ሳያወጣ ጠመንጃውን የሚወለውል ወታደር እንደሌለ ሁሉ፣ ስፒናውን ሳይነቅል ኮምፒዩተር የሚከፍት ሰው ሊኖር አይገባም።

በመጀመሪያ ብልሽቱ የሶኬቱ ወይም የገመዱ አለመሆኑ ይረጋገጥ። ቀጥሎ ስፒናው ይነቀል፤ የኮምፒዩተሩን ማብሪያ ለጥቂት ሴኮንዶች ተጭኖ ቀሪውን ኃይል ማስወጣትም ያስፈልጋል። ሽፋኑ ሲከፈት እያንዳንዱ ገመድ የተሰካበት ቦታ በወረቀት ይሳል፣ ወይም በስልክ ፎቶ ይነሳ። ወደ ማዘርቦርዱ የሚገባው ባለ24 እግር መሰኪያ መቆለፊያው ተጭኖ ይነቀላል እንጂ ገመዱ አይጎተትም። ከዚያም ከጀርባ ያሉት አራት ብሎኖች ተፈትተው ሳጥኑ ይወጣል።

አዲሱ በመጠን ከአሮጌው ጋር የሚመሳሰል፣ በዋትም የማያንስ ይሁን። በጀርባው 115 እና 230 የሚል መምረጫ ካለው 230 ላይ መሆኑ ይታይ፤ በ115 እንዳለ ቢሰካ ይቃጠላል። ገመዶቹ ከሳጥኑ የሚነቀሉ ከሆነ የአሮጌውን ገመድ ለአዲሱ መጠቀም ክልክል ነው፤ መሰኪያው ቢመሳሰልም የውስጥ ሽቦው አደራደር ሊለያይና ዕቃውን ሊያቃጥል ይችላል።

ከሁሉ በላይ፣ ሳጥኑን ራሱን ፈትቶ ለመጠገን መሞከር አይገባም። በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ ሕይወት ያጠፋሉ። አሮጌው ሳጥንም ለልጆች መጫወቻ ሆኖ አይሰጥ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ስፒናው ከመመለሱ በፊት መሰኪያዎቹ ሁሉ ከሥዕሉ ጋር አንድ በአንድ ይመሳከሩ። የተቃጠለ ፓወር ሰፕላይ በገንዘብ ይተካል፤ የእናትና የአባት ሕይወት ግን መተኪያ የለውም።