የሙሽራዋን ልብስ ማን ይመርጣል?

በጥር ወር እሑድ ቀን በጎፋ ገብርኤል አካባቢ ጥቂት የቆመ ሰው ሠርገኛ ሳያይ ወደ ቤቱ አይመለስም። የገና ጾም አልፎ ዐቢይ ጾም ገና ሳይገባ፣ ሠርግ ሁሉ በነዚህ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሰበሰባልና። መኪናዎቹ ጡሩምባቸውን እየነፉ ይደርሳሉ፤ ከፊተኛው መኪና በር መጀመሪያ ነጭ ጨርቅ ይወርዳል፤ ጨርቁ ወርዶ ሲያልቅ ሙሽራይቱ ትወርዳለች። ሁለት ሚዜዎች ጎንበስ ብለው ከኋላዋ የሚጎተተውን ከአቧራው ያነሣሉ፤ ሦስተኛይቱ ዓይነ ርግቧን ከነፋሱ ትጠብቃለች። የሰፈሩም ሰው ከመንገዱ ዳር ቆሞ ፍርዱን ይሰጣል። «አቤት ልብስ!» ይላል አንዱ። «ልጅቱስ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙ አይደለም።

እኅቴ፣ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይኸው ሁለተኛው ጥያቄ ነው። የሙሽራ ልብስ የሚመረጠው ለምትለብሰው ልጅ ነው ወይስ ከመንገድ ዳር ለቆመው ሰው? ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ዳሩ ግን ሥራ ከያዙ ገና አንድ ሁለት ዓመት የሆናቸው፣ ደመወዛቸው እስከ ወር መጨረሻ የማይደርስላቸው ሁለት ወጣቶች ትዳራቸውን በዕዳ ይጀምሩት ወይስ ያለ ዕዳ የሚለው ነገር ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው በዚሁ በልብሱ ነው።

አብራኝ የምታስተምር አንዲት ባልንጀራዬ ልታገባ ቀኑን ወሰነች። እጮኛዋ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው። ሽማግሌ ተልኮ፣ ነገሩ ሁሉ በመልካም ካለቀ በኋላ፣ በታኅሣሥ አንድ ቅዳሜ ሁለታችን ቬሎ ከሚያከራዩት ቤቶች ወደ አንዱ ሄድን። አከራይዋ ባልንጀራዬን ከእግር እስከ ራሷ ተመለከተቻትና ምን እንደምትወድ ሳትጠይቃት አንድ ልብስ አወረደች። ደረቱ በዶቃ የተሞላ፣ ቀሚሱ ከውስጥ በሽቦ ቀለበት የተነፋ፣ ከኋላም ሦስት ሜትር ያህል የሚጎተት ነበር። ለማልበስ ሁለት ሰው አስፈለገ። ከመስተዋቱ ፊት ስትቆም በእውነቱ አምሮባት ነበር። «እስቲ ቁጭ በዪበት» ባልኋት ጊዜ ግን ሽቦው ከፊቷ ተነሥቶ አገጯን ሊነካ ደረሰ። ሁለታችንም ሣቅን። አከራይዋ አልሣቀችም። «ሙሽራ መቼ ትቀመጣለች?» አለችን።

ኪራዩ ከመያዣው ጋራ የባልንጀራዬን የሁለት ወር ደመወዝ የሚያህል ነበር። ዕቁቧን ከአንዲት ጓደኛዋ ተራ ለውጣ ቀድማ ልትወስድና ልትከፍል አሰበች። ማታ ለእናቷ ስትነግራቸው እርሳቸው ስለ ገንዘቡ አንዳች አልተናገሩም። «የምትጋቢው በተክሊል ነው፤ ካባውን ስትደርቢበት ያ ሁሉ ዶቃ ለማን ይታያል?» ብለው ብቻ ጠየቋት። ባልንጀራዬ መልስ አጣች። እኔም ነገሩን በጥሞና ማሰብ የጀመርሁት ከዚያች ማታ ወዲህ ነው።

ነጩ ልብስ ከወዴት መጣ?

ብዙዎቻችን ነጭ ቬሎ ከሠርግ ጋራ አብሮ የተፈጠረ ይመስለናል። ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ በዚያ ቋንቋም ትርጉሙ ዓይነ ርግብ እንጂ ቀሚስ አይደለም። በአውሮፓም ቢሆን ሙሽሮች ከጥንት ጀምሮ ነጭ ብቻ ይለብሱ ነበር ማለት አይደለም፤ ቀይም ይሁን ሰማያዊ፣ ያላቸውን የክት ልብስ ለብሰው ያገቡ ነበር። ነጩ በሰፊው ልማድ እየሆነ የሄደው የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1832 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1840) ልዑል አልበርትን ስታገባ ነጭ የሐር ልብስ ከለበሰች ወዲህ ነው።

ይሁን እንጂ ከዚህ ታሪክ እኛ የወሰድነው ነጩን ቀለም ብቻ ነው። ንግሥቲቱ ሐሩን ያሠራችው በለንደን ከተማ በስፒታልፊልድስ ሰፈር በነበሩት በአገሯ ሸማኔዎች ነው። ዳንቴሉንም የሠሩላት በዴቨን አውራጃ የሆኒተን ዳንቴል በእጃቸው ይሠሩ የነበሩ ሴቶች ናቸው፤ በዚያን ጊዜ የመኪና ዳንቴል በዝቶ ገበያቸው ተቀዛቅዞባቸው ነበር። ያንኑ የሠርጓን ዳንቴል ከዚያ በኋላ በሌሎች በዓላት ደጋግማ ለብሳዋለች። እንግዲህ የነጭ ልብስ ልማድ የተያዘው ከአገሯ ሸማኔ ገዝታ፣ ገበያ ላጡት ሥራ ሰጥታ፣ የለበሰችውንም መልሳ ከለበሰች ሴት ነው። እኛ ግን ከሩቅ አገር የመጣውን፣ ለአንድ ቀን ብቻ የሚለበሰውን ተከራይተን «ወጉ ነው» እንላለን።

በእኛም ዘመን ቢሆን ትልልቆቹ ሰዎች ወደ ቀላሉ ሲመለሱ እናያለን። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ሜገን ማርክል የእንግሊዙን ልዑል ሃሪን ስታገባ የለበሰችው ቀሚስ ዶቃ የሌለበት፣ ቅርጹም በስድስት ስፌት ብቻ የተያዘ ነበር። ጥልፉ ሁሉ የዋለው አምስት ሜትር በሚሆነው ዓይነ ርግቧ ላይ ነው። ከዚህ አንድ ደንብ መማር ይቻላል፤ ጌጡ በአንድ ቦታ ይሁን፣ ሌላው ዝም ይበል።

ቀኑን አስቀድመሽ ዋዪበት

ቀላል ልብስ ማለት ርካሽ ልብስ ማለት አይደለም። ቀላል ልብስ አንድ ነገር ቢቀነስለት የሚጎድል፣ አንድ ነገር ቢጨመርበት የሚበዛ ልብስ ነው። እንዲህ ያለውን ለማግኘት ከመስተዋት ፊት ከመቆምሽ በፊት የሠርግሽን ቀን ከጧት እስከ ማታ በሐሳብሽ ዋዪበት።

ጧት በቤተ ክርስቲያን የምትጋቢ እንደ ሆነ ጫማሽን ታወልቂያለሽ። በረዥም ተረከዝ የተለካ ቀሚስ ያን ጊዜ ምንጣፉ ላይ ይተኛና ያደናቅፍሻል። ስለዚህ ልብሱን በጫማም ያለ ጫማም ለኪው። ካባ የምትደርቢም ከሆነ ትከሻሽና ጀርባሽ ስለሚሸፈን፣ ለአንገቱ፣ ለእጅጌው ጫፍና ለግርጌው አስቢ፤ የሚታየው እርሱ ነውና። በመስጊድ ኒካህ የምታስሪም ብትሆኚ፣ በወንጌላውያን ጸሎት ቤት የምትጋቢም ብትሆኚ፣ ሥርዓቱ ምን ይሸፈን፣ ምን ይውለቅ እንደሚል አስቀድመሽ ጠይቂ።

ቀጥሎ ፎቶግራፍ አለ። የእኛ ክፍለ ከተማ ሙሽሮች ብዙ ጊዜ ወደ ብሔረ ጽጌ መናፈሻ ይሄዳሉ። በሣርና በድንጋይ መንገድ ላይ ረዥም ጨርቅ መጎተት የሚዜን ወገብ ይቆርጣል፤ መሬት ያልነካ ቀሚስ ግን እስከ ማታ ነጭ እንደ ሆነ ይውላል። የጥር ጧት ይበርዳል፣ ቀትሩ ደግሞ ያቃጥላል፤ የፕላስቲክነት ያለው ወፍራም ሳቲን በዚያ ፀሐይ እንደ ድንኳን ያፍናል። የሚያብረቀርቅ ጨርቅ እያንዳንዱን እጥፋት ያሳያል፤ ብልጭታው የደበዘዘ ጨርቅ ግን እጥፋቱን ይደብቃል። ጨርቁን በጭብጥሽ ጨብጠሽ እስከ ዐሥር ቁጠሪና ልቀቂው። ተጨማትሮ ከቀረ፣ አንቺም ከመኪናው ስትወርጂ እንደዚያው ትሆኛለሽ ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ ትበያለሽ፣ ትጎርሻለሽ፣ ለሽማግሎች ጉልበት ለመሳም ትጎነበሻለሽ። ከዚያም እስክስታ አለ። እኅቴ፣ በእኛ አገር የምንጨፍረው በትከሻ መሆኑን የቬሎ ሰፊዎቹ አላወቁም! ትከሻው የተራቆተው ልብስ በመጀመሪያው ዘፈን ይወርዳል፤ ትከሻው የጠበበውም ይተረተራል። ስለዚህ በሚለካበት ቤት አታፍሪ፤ ተቀመጪ፣ ጎንበስ በዪ፣ እጅሽን ወደ ላይ አንሺ፣ ትከሻሽንም ጥቂት ምቺ።

ስለ ቀለሙ፣ ነጭ ሁሉ አንድ ነጭ አይደለም። እንደ በረዶ የነጣ አለ፣ እንደ ወተት የለዘበም አለ። ከሱቁ መብራት ሥር አትመኚው፤ ወደ በሩ ይዘሽው ውጪና በቀን ብርሃን ከፊትሽ አጠገብ አድርገሽ እዪው። የምትከራዪም እንደ ሆነ ነጠብጣቡን፣ የላላውን ስፌትና ዚፑን ከአከራዩ ጋራ አይታችሁ በደረሰኙ ላይ አስጽፊ፤ ያለዚያ በመያዣው ገንዘብ ላይ ከሠርግሽ ማግስት ክርክር ይመጣል።

ከጎፋ እስከ ሽሮ ሜዳ

ባልንጀራዬና እኔ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከጎፋ በሜክሲኮና በአራት ኪሎ በኩል አድርገን፣ ከከተማው ደቡብ እስከ ሰሜኑ ጫፍ፣ በእንጦጦ ሥር ወዳለው ወደ ሽሮ ሜዳ ወጣን። በመንገድ ላይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሰፈራችን ጎፋ ስሙን የሚጋራው ከደቡቡ የጎፋ አገር ጋራ ነው። የዚያ አገር ጎረቤት ደግሞ ጋሞ ነው፤ ከአርባ ምንጭ በላይ በጨንቻ ደጋ የሚኖሩት የዶርዜ ሸማኔዎች አገር። ሁለቱ አገሮች ጋሞ ጎፋ ተብለው ብዙ ዘመን አንድ ጠቅላይ ግዛት ነበሩ። በሽሮ ሜዳ ከሚሸጠው ሸማ ብዙውን የሚሠሩት ከዚያ አገር የመጡ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው ናቸው። እኛ የጎፋ ሰዎች ግን የስማችንን ጎረቤት ትተን ከባሕር ማዶ የመጣውን ዶቃ ስናይ ነበር።

ሸማ ሴቶች ፈትለው ወንዶች የሚሸምኑት ልብስ ነው። ሸማኔው እግሩን ከጉድጓዱ አስገብቶ፣ ድሩን በእግሩ እያላወሰ፣ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ ይወረውራል። ጥበቡን የሚያስገባው ሲሸምን ነው፤ ጥልፍ ግን ልብሱ ካለቀ በኋላ በመርፌ የሚሠራ ነው። ይህን ልዩነት ማወቅ ለገዢ ይጠቅማል፤ ጥበቡ በሰፋ ቁጥር የሸማኔው ቀን ይበዛል፣ ዋጋውም ይወጣል። በእርግጥ የአገር ልብስ ሁሉ ርካሽ ነው ብዬ አላታልልሽም። በእጅ የተፈተለ፣ ከአንገት እስከ እግር በሰፊ ጥበብ የተሞላ ቀሚስ ከቬሎ ኪራይ ሊበልጥ ይችላል።

ባልንጀራዬ የመረጠችው ግን ሌላ ነበር። ሳሳ ያለ ንጹሕ ሸማ፣ ከግርጌውና ከእጅጌው ጫፍ ሁለት ጣት የሚያህል ጥበብ፣ ቀለሙም ነጭና የገለባ ወርቅማ ብቻ። ጨርቁን አስቀድማ አጥባ አሰጣችው፤ የጥጥ ልብስ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባልና። ከዚያ በኋላ እዚያው ጎፋ ለሚገኝ ልብስ ሰፊ ሰጠችው። ገበሩ ለስላሳ ነጭ ጨርቅ፣ አንገቱ ቀጥ ያለ፣ ወገቡ ልከኛ፣ እጅጌው እስከ አንጓ ሆነ።

ወንድሜ፣ ይህ ለአንተም ነው

ይህን ገጽ የሴቶች ነው ብለህ ለማለፍ ያሰብህ ወንድሜ፣ ጥቂት ቆይ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለጋብቻ የሚጠይቀው የሁለቱን ነጻ ፈቃድና 18 ዓመት መሙላትን ነው፤ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ለሚፈጸመውም ከየወገኑ ሁለት ሁለት ምስክር ያስፈልጋል። ስለ ልብስ አንድ ቃል የለውም። ልብሱን የጨመርነው እኛ ነን፤ ስለዚህ ልንቀንሰውም እንችላለን። እጮኛህ ወጪ ለመቀነስ ስትሞክር «ጓደኞቼ ምን ይላሉ?» ካልሃት፣ ከመንገድ ዳር ከቆሙት ፈራጆች አንዱ አንተ ነህ ማለት ነው። ይልቁንስ «ከዚህ የሚተርፈውን ምን እናድርግበት?» ብለህ ጠይቃት።

ነገሩ ያለ ፈተና አላለፈም። ከሠርጉ በፊት በነበረው ማታ፣ እንሶስላ ስትሞቅ፣ አክስቷ ከሰው ፊት «ቬሎ ያጣች ሙሽራ በቤታችን ይህችኛዋ የመጀመሪያዋ ናት» አሉ። ባልንጀራዬ ወደ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። እኔም በዚያች ሰዓት የመከርኋት ክፉ ምክር መስሎኝ ደነገጥሁ። እናቷ ተከትለዋት ገቡ። ምን እንዳሏት አላውቅም፤ ስትወጣ ግን ፊቷን ታጥባ ነበር።

በማግሥቱ ከመኪናው ያለ ማንም እርዳታ ወረደች። ካባውን ደረበች፤ ከካባው ሥር ያ ጠባብ ጥበብ ብቻ ይታይ ነበር። ማታ አክስቲቱን ራሳቸውን ጎትታ እስክስታ አስወረደቻቸው። ከመንገዱ ዳር የቆሙት ሰዎች ስለ ልብሱ ምን እንዳሉ አልሰማሁም፤ አንዲት ሴት ግን «ይህች የማን ልጅ ናት?» ብላ ስትጠይቅ ሰማሁ።

ልብሱን በመልሱ ዕለት በሌላ ነጠላ ለበሰችው። በፋሲካም ለብሳው ቤቴ መጣች። ዕቁቡም በተራው ጊዜ ወጣላትና አልጋና የመጻሕፍት መደርደሪያ ገዙበት። አንቺም እኅቴ፣ ቬሎም ምረጪ ሸማ፣ የመረጥሽው ልብስ ተቀምጠሽ የምትበዪበት፣ ቆመሽ የምትጨፍሪበት፣ ሲመሽም ዕዳ የማያስቆጥርሽ ይሁን። ጋብቻሽን የአብርሃምና የሣራ ያድርግልሽ።