ከራሱ የተዳቀለ ተክል የሚሰጠው ዘር

ከደረሰ ሰብል ላይ ለከርሞ የሚሆን ዘር ለይቶ ማስቀመጥ ከግብርና ጋር አብሮ የኖረ ሥራ ቢሆንም፣ የተቀመጠው ዘር በሚቀጥለው ክረምት እናቱን መስሎ ይበቅል እንደሆነ የሚወስነው በዋናነት የተክሉ የአበባ ጠባይ ነው። የወንዴው ብናኝ በዚያው ተክል ሴቴ ክፍል ላይ አርፎ ዘር ሲያስገኝ ራስ በራስ መዳቀል ይባላል፤ ከሌላ ተክል ሲመጣ ደግሞ ተሻጋሪ መዳቀል ይሆናል።

ካናቢስ በተፈጥሮው ከሁለተኛው ወገን ነው። በአብዛኛው ወንዴውና ሴቴው በተለያየ ግንድ ላይ የሚበቅሉ ሲሆን፣ ብናኙን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያደርሰው ነፋስ ነው። ማምረቱ በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ የተከለከለ ቢሆንም፣ በፈረንሳይ፣ በቻይናና በካናዳ ሄምፕ የሚባሉት፣ የማደንዘዝ ኃይላቸው እጅግ ዝቅተኛ የሆነ ዝርያዎች ለቃጫና ለዘይት ይዘራሉ። የዘር አዳቃዮች ሴቴውን ተክል ራሱን በራሱ እንዲያዳቅል ሲፈልጉ ኤቲሊን የተባለውን የተክል ሆርሞን ሥራ የሚገታ የብር ውህድ ይረጩበታል፤ ሴቴውም የወንዴ አበባ ያወጣል። ሴቴዋ ኤክስ የተባለውን ክሮሞሶም ብቻ በጥንድ ስለምትይዝ፣ ወንድነትን የሚያመጣው ዋይ ክሮሞሶም ከየትም አይመጣም፤ ስለዚህ ከዚህ ዘር የሚበቅሉት ሁሉ ሴቴዎች ይሆናሉ።

ይሁን እንጂ ሁሉም ሴቴ መሆናቸው ሁሉም እናታቸውን ይመስላሉ ማለት አይደለም። ተክሉ ከእናትና ከአባት የወረሳቸው የተለያዩ ዘረመሎች (ባሕርይን የሚወስኑ የውርስ መለያዎች) በየራስ መዳቀሉ በግማሽ እየቀነሱ ይሄዳሉ፤ 100 የነበረው ልዩነት በመጀመሪያው ትውልድ 50፣ በሁለተኛው 25፣ በሦስተኛው 12.5 ይሆናል። በመንገዱም ቀድሞ በጤነኛው ጥንድ ተሸፍነው የነበሩ ደካማ ባሕርያት ይገለጣሉ፤ ልጆቹ ያጥራሉ፣ ምርታቸውም ይቀንሳል። ቻርልስ ዳርዊን በብዙ ተክሎች ላይ ያደረገውን የዓመታት ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1876 ሲያሳትም፣ በቆሎን ጨምሮ ለመሻገር በለመዱ ተክሎች ላይ ያሳየው ይህንኑ ድክመት ነበር። ከአንድ ተክል ብቻ በተወሰደ ዘር ሰብልን ለማቆየት የሚሞክር ሰው ሳያውቀው መልካሙንም ባሕርይ ሊያጣ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ጤፍ ግን ፍጹም ሌላ ነው። የጤፍ አበባ በውስጡ ሦስት የብናኝ ከረጢቶችንና ላባ የመሰሉ ሁለት የብናኝ መቀበያዎችን የያዘች እጅግ ትንሽ አበባ ስትሆን፣ መዳቀሏን ከሞላ ጎደል በራሷ ውስጥ ትፈጽማለች። ይህ ባሕርይ ለገበሬው ትልቅ ስጦታ ነው፤ ከአውድማ ለይቶ በጎታ ያስቀመጠው ማኛ ከርሞም ማኛ ሆኖ ይበቅልለታልና። ለአዳቃዮች ግን አንዱን ጤፍ ከሌላው ማዳቀል ለረጅም ጊዜ የማይቻል መስሎ ነበር። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ተመራማሪው ታረቀ በርሄ አበባዋ የምትከፈተው በንጋት፣ ከ12 ሰዓት ከ45 እስከ 1 ሰዓት ከ30 ገደማ ባለው አጭር ጊዜ መሆኑን ካወቁ በኋላ፣ በማጉያ መነጽር እየታየ የብናኝ ከረጢቶቹን በመርፌ ጫፍ አስወግዶ የሌላ ዝርያ ብናኝ ማሳረፍ ተቻለ። በደብረ ዘይት የተገኘውና እ.ኤ.አ. በ2006 የተለቀቀው ቁንጮ የተባለ የጤፍ ዝርያ የዚህ ጥበብ ፍሬ ነው። ሁለቱ ወላጆች ከተዳቀሉ በኋላ ዘሩ ለብዙ ትውልድ ራሱን በራሱ እንዲያዳቅል ይደረጋል፤ ተሻጋሪውን ተክል የሚያደክመው ሂደት እዚህ ላይ ዝርያውን የሚያጠራ መሣሪያ ይሆናል።

የዘር ጠባቂው አሠራርም በዚሁ ይለያያል። ጤፍ ከጎረቤት ማሳ ብዙ መራቅ ሳያስፈልገው፣ ባዕድ ዘር እንዳይቀላቀል ከአውድማው ጀምሮ መጠንቀቅ ይበቃዋል። ተሻጋሪ ሰብል ግን ከብዙ ጤነኛ ተክሎች ተቀላቅሎ የተሰበሰበ ዘርና ከሌላ ዝርያ የራቀ ማሳ ይፈልጋል፤ የአውሮፓ ኅብረት የዘር ደንብ ወንዴና ሴቴ አበባ በአንድ ግንድ ላይ ለሚያወጣው ሄምፕ መነሻ ዘር የሚጠይቀው ርቀት 5 ኪሎ ሜትር መሆኑ የነፋሱን አቅም ያሳያል። ዘይት የበዛበት የሄምፕ ዘር በሙቀትና በእርጥበት ቶሎ የመብቀል ኃይሉን ስለሚያጣ፣ በደንብ ደርቆና አየር በማያስገባ ዕቃ ተዘግቶ በቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ ይኖርበታል።