መጽሐፍና አንደበት

የውጭ ቋንቋን ለመማር መጽሐፍ ብቻውን ይበቃልን? ይህን ጥያቄ ለመመለስ ከ370 ዓመታት በፊት የተፈጸመ አንድ ታሪክ እንመልከት። በዚህ ምንባብ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ኢዮብ ሉዶልፍ በ1624 ዓ.ም. በጀርመን አገር በኤርፉርት ከተማ ተወለደ። በወጣትነቱ ልዩ ልዩ ቋንቋዎችን ሲያጠና ግዕዝንም ለማወቅ ጓጓ። የሚያስተምረው ሰው ግን ስላላገኘ፣ በጊዜው በአውሮፓ ታትመው ከነበሩት ጥቂት የግዕዝ መጻሕፍት በራሱ ጥረት ተማረ። በ1649 ዓ.ም. በ25 ዓመቱ ወደ ሮማ ሄዶ በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም የሚኖሩትን ኢትዮጵያውያን መነኮሳት አገኘ። ከእነዚህም መካከል የአማራው ተወላጅ አባ ጎርጎርዮስ ይገኙ ነበር። ወጣቱ በፊታቸው ግዕዝ ቢያነብ አነባበቡ አሳቃቸው፤ ያነበበውን ሲተረጉም ግን እውቀቱ አስደነቃቸው።

መነኮሳቱን ያሳቃቸው ምን ነበር? ሉዶልፍ ፊደሉን ዐወቀ እንጂ ድምፁን ከተናጋሪ አፍ አልሰማም። ፊደላችን ደግሞ የቃላትን መጥበቅና መላላት ለይቶ አያሳይም። ለምሳሌ በአማርኛ «አለ» የሚለው ቃል ሲላላ «ተናገረ» ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ግን መኖርን ያመለክታል። አጻጻፉ አንድ ስለ ሆነ ልዩነቱን የሚለየው ጆሮ ነው።

የአገራችን ሊቃውንትም ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። በጋይንት ወደምትገኘው ወደ ቤተ ልሔም ድጓ ለማስመስከር ከሩቅ አገር የሚመጣው ደቀ መዝሙር፣ ምልክት ያለው የዜማ መጽሐፍ በእጁ ቢኖርም፣ ከመምህሩ ፊት ተቀምጦ ዜማውን ከአንደበታቸው ይቀበላል።

ሉዶልፍም እንዲሁ አደረገ። ከአባ ጎርጎርዮስ ዘንድ የግዕዝን አነጋገር አቃና፤ አማርኛንም ከእርሳቸው ተማረ። በ1652 ዓ.ም. አባ ጎርጎርዮስ በመስፍኑ በኤርንስት ተጋብዘው ወደ ጀርመን አገር ወደ ጎታ ሄዱ። በዚያም ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ፣ ሃይማኖትና ልማድ ለሚቀርብላቸው ጥያቄ መልስ ይሰጡ ነበር፤ እርሳቸውም በበኩላቸው የአውሮፓን ኑሮ በዐይናቸው ተመለከቱ። ከተለያዩም በኋላ ሁለቱ ወዳጆች በግዕዝ ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር።

አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ሰጥመው ሞቱ። የተማሪያቸው ሥራ ግን አልተቋረጠም። ሉዶልፍ በ1681 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 ዓ.ም. ደግሞ የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። መምህሩ ካረፉ 40 ዓመት ቢያልፍም ከአንደበታቸው የተሰማው ቃል በመጽሐፍ ተጠብቆ ኖረ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንረዳው መጽሐፍና አንደበት አንዱ ያለ ሌላው ምሉዕ አለመሆኑን ነው። መጽሐፍ ብቻ የያዘ ተማሪ ድምፁን ይስታል፤ የሰማውን የማይጽፍ ደግሞ ከመምህሩ ጋር እውቀቱን ያጣል።