ስንቅ የተቋጠረለት፣ ስንቅ ያልተቋጠረለት

ከአዲስ አበባ በጎጃም በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አስፋልት እንጅባራን ለሁለት ከፍሏት ያልፋል። ሰሜኑን ይዞ የቀጠለ ሰው አዲስ ቅዳምንና ዳንግላን አልፎ ባሕር ዳር ይገባል፤ ከዚያም ጎንደር፣ ከጎንደርም መተማ። ከእንጅባራ ወደ ምዕራብ የታጠፈ ደግሞ በቻግኒ አድርጎ መተከልን አቋርጦ እስከ ሕዳሴው ግድብ ይወርዳል። እንጅባራ በምትገኝበት በአማራ ክልል አዊ ዞን ልጅ ከቤት ሲወጣ የሚወጣው ከእነዚህ መንገዶች በአንዱ ነው። ወላጁም የልጁን መድረስ ሳይሰማ የሚያድርበት ቀን ብዛት ልጁ እንደያዘው መንገድ ነው።

በምዕራቡ ዓለም ልጅ ከቤት ሲወጣ ወላጅ ስለሚሆነው ብዙ ተጽፏል። እዚያ አንድ ወይም ሁለት ልጅ ያሳደጉ ባልና ሚስት የመጨረሻው ልጅ ሲወጣ ድንገት ለሁለት ይቀራሉ። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ይህን ጊዜ ለረጅም ዘመን እንደ ሕመም ያዩት ነበር። በካሊፎርኒያ ሚልስ ኮሌጅ የተማሩ ሴቶችን ለ18 ዓመታት የተከታተለውና በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ፤ ልጆች ከወጡ በኋላ ሚስቶች በትዳራቸው ያላቸው ደስታ ጨምሮ ተገኘ።

አዊ ውስጥ ቤቱ እንዲህ በአንድ ጊዜ አይራቆትም። በ1992 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል አንዲት እናት በዕድሜዋ የምትወልደውን ልጅ በአማካይ 5.9 አድርሶት ነበር። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው ተመሳሳይ ጥናት ቁጥሩ ወደ 3.7 ወርዷል፤ ዛሬ ጎልምሰው የሚወጡት ግን የዚያ የፊተኛው ዘመን ልጆች ናቸው። የመጀመሪያዋ ስትዳር የመጨረሻው ገና ጥጃ ይጠብቃል። ወላጅ ሽኝትን አንድ ጊዜ አልቅሶ አይገላገለውም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ በየተራ ይሸኛል።

ታዲያ ሽኝት ሁሉ እኩል አይከብድም። ቀላሉ፣ ምንም ለቅሶ ቢበዛበት፣ ሠርግ ነው። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀን ተቆርጦ፣ ጠላው ተጠምቆ፣ በጥር ሚዜዎቹ ሲመጡ እናት በአደባባይ ብታለቅስ የሚደነቅ የለም፤ እንዲያውም ካላለቀሰች ታማለች። ከዚያ ደግሞ መልስ አለ፤ የሄደችው ልጅ ባሏን አስከትላ የእናቷን ደጃፍ ትረግጣለች። ሐዘኑም ደስታውም የታወቀ ጊዜና ደርዝ አለው። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። ዛሬ ልጃቸውን የሚሸኙ ብዙ እናቶች ራሳቸው የተዳሩት ሳይጎለምሱ ነው፤ የ2008 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሴቶች በለጋ ዕድሜ በማግባት የአማራ ክልልን ከአገሪቱ ቀዳሚ አድርጎታል። እንዲህ ያለች እናት አሥራ ስምንት ዓመት የሞላትን ልጇን ለትምህርት ስትሸኝ፣ በዚያ ዕድሜ እሷ ምን ትሠራ እንደነበር ማስታወሷ አይቀርም።

ወንዱ ልጅ ድሮ ጎጆ ሲወጣ ርቆ አይሄድም ነበር፤ ከአባቱ ማሳ ላይ ተቆርሶለት እዚያው አጠገብ ይቀልሳል። ይህ ልማድ የተዳከመው ፍቅር ጎድሎ ሳይሆን መሬት ጠቦ ነው። በክልሉ ሰፊ የመሬት ሽግሽግ የተደረገው በ1989 ዓ.ም. ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የጎለመሰው ወጣት ተስፋው በአመዛኙ ወላጁ ቆርሶ የሚሰጠው ነው፣ ያም ለሦስትና ለአራት ከተከፈለ እርፍ የሚያዞር አይሆንም። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ተክሎ ከሰል ማክሰል ለብዙ ወጣት እዚያው ሥራ ፈጥሮለት ነበር። በቅርብ ዓመታት በዛፉ ላይ የገባው በሽታ ይህንንም ዕድል አጥብቦታል።

ዩኒቨርሲቲ በበኩሉ የራሱን ሥርዓት አበጅቷል። ምደባው ሲወጣ ቤቱ በሶ መፍጨት፣ ዳቦ ቆሎ መቁላት ይጀምራል፤ ጎረቤት አቅሙ የፈቀደውን ያስጨብጣል፤ አባት ይመርቃል። ችግሩ ቦታውን የሚመርጠው ቤተሰቡ አለመሆኑ ነው። ተማሪው ምርጫውን ቢሞላም መዳቢው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪ የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ እንጅባራ ላይ እያለ የአዊ ልጅ ጂንካ ወይም አሶሳ ሊደርሰው ይችላል። የቆላ ልጅ ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በእንጅባራ ብርድ ይንቀጠቀጣል፤ የእሱም እናት በሌላኛው የአገሪቱ ጫፍ ጋቢ ያዘ አልያዘ እያለች ትጨነቃለች።

በዚህ በር የሚወጣው ግን ጥቂቱ ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ 896,520 ተማሪዎች ተፈትነው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። ለፈተናው ተመርቆ የተሸኘው አብዛኛው ልጅ ተመልሶ ቤቱ ገባ።

ፈተናውን ያለፈውንም ቢሆን የሚያስፈራው መንገዱ ነው። በኅዳር 2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የታገቱት ተማሪዎች አብዛኞቹ የአማራ ክልል ልጆች ነበሩ፤ ወላጆቻቸው ወሬ ፍለጋ ወራት ተንከራተዋል። በሰኔ 2016 ዓ.ም. የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የጫኑ አውቶቡሶች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ታገቱ፤ መንገዱ የአዊ ወላጅም ልጁን የሚሸኝበት ያው የጎጃም መንገድ ነው። ከዚያ ወዲህ "ደርሻለሁ" የምትለዋን ጥሪ ሳይሰማ የሚተኛ ወላጅ ካለ ጥቂት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሳይነግር የሚሄደው ነው። ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወይም ሑመራ የሚወርድ ጎረምሳ ብዙ ጊዜ ከጓደኞቹ ጋር ተማክሮ ጎሕ ሳይቀድ ይነሳል። ምርቃት የለ፣ ስንቅ የለ። ደገኛ ሰውነቱ ለማያውቀው ወባና ካላዛር ተጋልጦ ይሠራል፤ ካላዛር ደግሞ ምልክቱ ቶሎ ስለማይታይ ልጁ በሽታውን ተሸክሞ ቤቱ ሊገባ ይችላል። በደላላ ወደ ዓረብ አገር የምትነሳዋ ልጅ ነገርም ከዚህ አይለይም። ወላጅ ሊቆጣ ይፈልጋል፣ የሚቆጣው ልጅ ግን ፊቱ የለም። ጎረቤት ሲጠይቀውም ምን ብሎ እንደሚመልስ ይቸግረዋል።

ጎጃም ይህን ዓይነቱን መውጣት አያውቀውም ማለት አይቻልም። የቆሎ ተማሪው ለምዱን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ቅኔ ፍለጋ አገር ሲያቋርጥ ኖሯል፤ ከብት ጠባቂ እንዳያጣ አባት የሚከለክለው ልጅ ሹልክ ብሎ ይጠፋ ነበር። ራሳቸው በጎጃም የቅኔ ትምህርት ቤቶች የተማሩት ሐዲስ ዓለማየሁ በ"ፍቅር እስከ መቃብር" የፈጠሩት በዛብህም ከማንኩሳ ወጥቶ ዲማ የገባ ልጅ ነው። ልዩነቱ የዚያን ዘመን እናት የልጇን መድረሻ የምትሰማው ከመንገደኛ መሆኑ ነበር።

አሁን ስልክ አለ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ጊዜ ግን ውጭ አገር ያሉ ልጆቻቸውን በምስል ማየት የለመዱ ወላጆች ድምፅ ብቻ ቀረላቸው፤ ያም በተገኘ ቀን። ገንዘብም በቴሌብር ይሄዳል፣ ይመጣል። ሠርቶ የሚልክ ልጅ ያለው ቤት ቆርቆሮ ይለውጣል፤ ተማሪ ያለው ቤት ደግሞ ድንች ሸጦ ይልካል።

ወላጆች እምብዛም የማይዘጋጁበት ደግሞ የተመላሹ ጉዳይ ነው። ተመርቆ ሥራ ያጣ ልጅ ጋዋን ለብሶ የተነሳውን ፎቶ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ መደብ ላይ ሲውል፣ እናት ምሳ ታቀርብለታለች እንጂ ምን እንደምትለው አታውቅም። ለሚሄድ ልጅ ምርቃት አለ፣ ስንቅ አለ፤ እንዲህ ለተመለሰ ግን ወግ አልተበጀለትም። አባትየው አንድ ቀን ማሳውን ዞር ዞር ብሎ አይቶ፣ ለታናሹ ካሰባት ቁራሽ ላይ ለዚህኛው ይቀንስ እንደሆነ ከሚስቱ ጋር ይመክራል።