መሄጃው ረዘመ፣ መመለሻው አጠረ

ከአዲስ አበባ ቦሌ ተነሥቶ በዋሽንግተን ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወርድ መንገደኛ ለብዙ ዓመታት 16 ሰዓትና ከዚያም በላይ ሲፈጅበት ኖሯል። ሲመለስ ግን 13 ሰዓት ያህል ይበቃዋል። የሁለቱ አገሮች የሰዓት አቆጣጠር ልዩነት ታስቦም ቢሆን ነገሩ ያው ነው። ርቀቱ አንድ ሆኖ ሳለ ጊዜው ስለ ምን ተለያየ? መልሱን በምድር ቅርጽ፣ በነፋስና በቦሌ ከፍታ እንፈልግ።

በቅድሚያ ርቀቱን እንለካ። በግድግዳ ካርታ ላይ ሁለቱን ከተሞች በማስመሪያ ብናገናኝ መስመሩ ሰሐራን አቋርጦ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይገባል። ምድር ግን ሉል ናት። በሉል ላይ ክር ብንወጥር፣ ክሩ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ ያቀናል፤ ሰሜን አፍሪካንና ስፔንን አልፎ፣ በውቅያኖሱ ላይ ከዋሽንግተንም ይልቅ ወደ ሰሜን ከወጣ በኋላ ቁልቁል ይመለሳል። ጠማማ የሚመስለው ይህ መንገድ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በማስመሪያ ከተሰመረው በ500 ኪሎ ሜትር ገደማ ያጥራል።

ሁለተኛው ነፋስ ነው። አውሮፕላኖች በሚበሩበት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በሰሜኑ መካከለኛ ኬክሮስ፣ ጄት ስትሪም የተባለው ብርቱ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። አውሮፕላኑ በአየሩ ውስጥ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ቢበር፣ ነፋሱም በጉዞው ሁሉ በአማካይ 50 ኪሎ ሜትር ነው ብንል፣ ወደ ዋሽንግተን 13 ሰዓት ተኩል፣ ወደ አዲስ አበባ 12 ሰዓት ያህል ይሆናል። ነፋሱ የአንድ ሰዓት ተኩል ልዩነት አመጣ ማለት ነው። የቀረው ከየት መጣ?

የቀረው ከገዛ ምድራችን ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍግታ በባሕር ጠለል ካለው በ20 በመቶ ያህል ያንሳል። አየሩ ሲሳሳ ክንፉ የሚያገኘው የማንሻ ኃይል ይቀንሳል፤ ሞተሩም ይደክማል። ያንኑ ክብደት ለማንሣት አውሮፕላኑ በ12 በመቶ ያህል ፈጥኖ መንደርደር ይኖርበታል፤ የመንደርደሪያው ርዝመትና የጎማው ጽናት ግን ወሰን አላቸው። ስለዚህ ከመንገደኛ፣ ከጭነት ወይም ከነዳጅ አንዱ መቀነስ አለበት። ነዳጅ የቀነሰ ደግሞ በመንገድ ላይ ወርዶ ይሞላል፤ በየዘመኑ ሮምና ደብሊን ለዚሁ አገልግለዋል። ዳለስ ግን ከባሕር ጠለል 100 ሜትር እንኳ ከፍ ስለማይል፣ አውሮፕላኑ ከዚያ ሙሉ ነዳጅ ይዞ ይነሣል።

ጉዳዩ የመንገደኛ ድካም ብቻ አይደለም። ቁጥር በበዛ በረራ ላይ እያንዳንዱ ተጨማሪ ማረፍና መነሣት ነዳጅና ገንዘብ ይበላል። በቢሾፍቱ አቅራቢያ የተወጠነው አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ከቦሌ በ400 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ ቦታ መመረጡም ከዚህ ጋር ይያያዛል። በስሌታችን የ400 ሜትር ዝቅታ የአየሩን እፍግታ በ4 በመቶ ያህል ያሳድጋል፤ ከረዘመ መንደርደሪያ ጋር ሲደመር ለአንድ ከባድ አውሮፕላን ቀላል ትርፍ አይደለም።

እንግዲህ በሁለት ከተሞች መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል እንደሆነ ስንጠየቅ በኪሎ ሜትር ብቻ አንመልስ። ከየት ወደ የት፣ በየትኛው ነፋስ፣ ከምን ከፍታ ብለን ደግሞ እንጠይቅ።