የድረ ገጹ ፎቶግራፎች ወዴት ሄዱ?

የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እንግዲህ ዲላንና ይርጋ ጨፌን በዓይኑ ያላየ ሰው ስለ አገሩና ስለ ቡናው ለማወቅ ሲሻ ድረ ገጽ መክፈቱ አይቀርም። ታዲያ በፎቶግራፉ ፈንታ ባዶ ቦታ ቢያገኝ ምን ይላል? ባለቤቶቹ ሥራቸውን የተዉ ይመስለዋል።

ነገሩ ግን ሌላ ነው። በኢንስታግራም የሚወጣውን ፎቶግራፍ በድረ ገጽ ላይ የሚያሳየው ፕለጊን የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም የባለቤቱን የይለፍ ቃል አያውቅም፤ ባለቤቱ ሲፈቅድለት ግን ቶክን የሚባል የፈቃድ ወረቀት ይቀበላል። ወረቀቱ የሚያገለግለው 60 ቀን ነው። ቀኑ ሳያልፍ ከታደሰ ይቀጥላል፤ ካለፈ ግን ባለቤቱ ራሱ እንደ ገና መፍቀድ አለበት።

ሌላም ምክንያት አለ። የኢንስታግራም ባለቤት የሆነው ሜታ ለግል አካውንቶች ያገለግል የነበረውን የቀድሞውን መገናኛ ኅዳር 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ዘጋው። ስለዚህ የግል የነበረው አካውንት ወደ ንግድ አካውንት መለወጥ ይኖርበታል፤ ለዚህም ክፍያ አይጠየቅም።

ጥገናው እንግዲህ ፕለጊኑን ነቅሎ መጣል አይደለም። አስቀድሞ ፕለጊኑን በአዲሱ እትም መተካት፣ ቀጥሎ አካውንቱን መለወጥ፣ ከዚያም የቆየውን ግንኙነት አንሥቶ እንደ ገና መፍቀድ ነው። የይለፍ ቃሉ የሚጻፈው በራሱ በኢንስታግራም ገጽ ላይ ብቻ መሆኑን አትርሱ። «ግንኙነቱን እንድናድስልዎ የይለፍ ቃልዎን ይላኩ» የሚል መልእክት ቢመጣ የሌባ ሥራ ነውና መልስ አትስጡት።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ፈቃጁ የታጣ እንደ ሆነ ነው። አንድ ወጣት ጸሐፊ የመሥሪያ ቤቱን ገጽ በራሱ ኢሜይልና በራሱ ስልክ ያያይዛል እንበል። በዓመቱ ወደ ሐዋሳ ይዛወራል። ጠረጴዛውንና የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ ቆጥሮ ያስረክባል፤ አካውንቱን አስረክብ የሚለው ግን የለም። ግንኙነቱ የተቋረጠ ዕለት መሥሪያ ቤቱ በገዛ ንብረቱ ላይ ባዳ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ አካውንቱ በመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል ይከፈት፤ ኃላፊነቱን ሁለት ሰዎች ይያዙት፤ በርክክብ ቅጹም ላይ እንደ ማናቸውም ንብረት ይመዝገብ። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህም ይሠራል።