የድሬዳዋ ሜዳና ርካሹ «ማውንቴን»፦ ተረትና እውነታ

በርካሽ የሚገዛ የተራራ ብስክሌት ድሬዳዋ ውስጥ ዕድሜውን የሚጨርሰው በአብዛኛው ሜዳ ላይ ነው። ከተማዋን ሜዳ ላይ ያስቀመጣት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ መጀመሪያ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር፤ አቀበቱ ለባቡር ስለከበደ ግን መስመሩ በተራራው ግርጌ አለፈ፤ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ በደረሰበት ቦታም ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለው ይህ ሜዳ፣ በተለይም የከዚራ ሰፈር ቀጥ ያሉና ዛፍ ያጠላባቸው መንገዶች፣ ባጃጅ ከመምጣቱ በፊት ጀምሮ ለብስክሌት ተስማምተው ኖረዋል። ዛሬ ብስክሌት ሊገዛ የወጣ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ሰፊ ጎማ፣ ብዙ ማርሽና ሞላ ባለው «ማውንቴን» ላይ ነው። ስለዚህ ብስክሌት ከሻጭ፣ ከጠጋኝና ከሰፈር ልጅ የሚሰማው ምክር ግማሹ ትክክል ነው፤ ግማሹ ገንዘብም ጉልበትም ያስጨርሳል።

«ስሙ የተራራ ስለሆነ ተራራ ላይ እንደልብ ይነዳል» የሚለው እምነት ከስያሜው የመጣ ነው። የተራራ ብስክሌት የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ማሪን በሚባል አውራጃ ነው። ወጣቶች ሰው የጣላቸውን አሮጌና ከባድ የከተማ ብስክሌቶች እየገዙ በአፈር መንገድ ቁልቁል ይወርዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 ነገሩን ውድድር አደረጉት፤ በዓመቱ ጆ ብሪዝ የተባለው ባለሙያ ለዚሁ ሥራ ብቻ የታሰበ ቴላዮ ሠራ። ስፖርቱም እ.ኤ.አ. በ1996 አትላንታ ላይ ኦሊምፒክ ገባ። በርካሽ የሚሸጠው የዛሬው ብስክሌት ከዚህ ታሪክ የወረሰው መልኩን ነው። ቴላዮው ብዙውን ጊዜ ተራ ብረት ነው፤ ክብደቱ 15 ኪሎ አካባቢ ይሆናል። ለጠጠር መንገድ፣ ለኮብልስቶንና ለአሸዋማ ሰፈር ይበቃል። ከከፍታ መዝለልና ድንጋያማ ቁልቁለትን በፍጥነት መውረድ ግን የፊት ሹካውን ያጣምመዋል፣ ቸርኬውን ያጎብጠዋል።

በአንጻሩ «ርካሽ ስለሆነ ዕቃ አይደለም» የሚለውም ያው ስህተት ነው። ማሪን ላይ ስፖርቱን የጀመሩት ሰዎች የነዱት ከዚህም የባሰ ብስክሌት ነበር። በርካሽ የሚገዛ ብስክሌት ቶሎ የሚበላሽበት ዋናው ምክንያት በትክክል አለመገጣጠሙና አለመስተካከሉ ነው፤ ከዚህ በታች የሚነሱት ጉዳዮችም አብዛኞቹ ወደዚሁ ይመለሳሉ።

ሱቅ ውስጥ ዋጋ የሚያስጨምረው ቃል «21 ማርሽ» ነው። ማርሹ በበዛ ቁጥር ብስክሌቱ ይፈጥናል ተብሎ ይታመናል። 21 የሚለው ቁጥር ግን ከፊት ያሉት 3 ጥርሳማ ክቦች ከኋላ ባሉት 7 ተባዝተው የመጣ ነው። ከፊት 48፣ 38 እና 28 ጥርስ፣ ከኋላ ደግሞ ከ14 እስከ 28 ጥርስ ያለውን የተለመደ ብስክሌት እንውሰድ። 48ቱ ከ14ቱ ጋር ሲያያዝ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ብስክሌቱ 7 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ 28ቱ ከ28ቱ ጋር ሲሆን ደግሞ 2 ሜትር ብቻ። በእነዚህ ሁለት ጫፎች መካከል ብዙዎቹ ማርሾች ይደራረባሉ፦ 48 ከ24 ጋር የሚሰጠውና 28 ከ14 ጋር የሚሰጠው ፍጹም አንድ ነው። እውነተኛው ልዩ ልዩ ማርሽ ቢቆጠር ከ21 በእጅጉ ያንሳል። ፍጥነቱን የሚወስነው እግርና ትልቁ ማርሽ ነው፤ የማርሾቹ ብዛት የሚጠቅመው አቀበት ላይ ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ጎጂ ልማድ አለ። ብዙ ነጂ ማርሽ የሚቀይረው አቀበቱ መሀል ደርሶ ጉልበቱ ሲያልቅ ነው። ያን ጊዜ ካቴናው በሙሉ ኃይል ተወጥሯል፤ ሲቀየር ይንቋቋል፣ ይወልቃል፣ አንዳንዴም ይበጠሳል። ማርሽ መቀየር ያለበት አቀበቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ፔዳሉን እያዞሩ ግን እግርን ትንሽ ቀለል አድርገው ነው። የፊቱን ትልቅ ከኋላው ትልቅ፣ ወይም የፊቱን ትንሽ ከኋላው ትንሽ ጋር ማያያዝም ካቴናውን ሰያፍ ስለሚስበው ጥርሱን ያለጊዜው ይበላዋል።

«ከፊትም ከኋላም ሞላ ያለው ይበልጣል» የሚለው እምነት ገዢውን በገንዘቡም በጉልበቱም ያስከፍላል። ጥሩ ሞላ ከነማብረጃው ነው የሚሠራው፤ ማብረጃው በዘይት ወይም በአየር ዝላዩን ቀስ አድርጎ ይመልሳል። በርካሹ ላይ ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ጥቅል ሽቦ ነው፤ ጉድጓድ ሲመታ ይሰበሰባል፣ ወዲያው ይወረወራል። የኋላው ሞላ ደግሞ ነጂው ፔዳል በረገጠ ቁጥር አብሮ ስለሚወርድ ወደ ጎማው መሄድ የነበረበትን ጉልበት ይበላል። ብስክሌቱ ላይም ኪሎዎች ይጨምራል፤ የሚፈቱና የሚላሉ ብሎኖችንም ያበዛል። በተመሳሳይ ዋጋ ሁለት ብስክሌቶች ቢቀርቡ ከኋላ ሞላ የሌለው የተሻለ ፍሬንና ቸርኬ የመያዝ ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ፋብሪካው ገንዘቡን ለሞላ አላዋለውምና።

አዲስ ብስክሌት «ከካርቶን ስለወጣ ችግር የለበትም» የሚለው አስተሳሰብ ብዙ ጉዳት ያስከትላል። ከካርቶን የወጣው ብስክሌት ገና በከፊል የተገጣጠመ ነው፤ መሪውን፣ ፔዳሉን፣ የፊት ጎማውንና ፍሬኑን የሚገጥመው ሰው ሥራ የብስክሌቱን ዕድሜ ይወስናል። ግራ ፔዳል ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። የቀኙ ፔዳል እንደማንኛውም ብሎን ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል፤ የግራው ግን ጥርሱ የተገላቢጦሽ ስለሆነ የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በመፍቻ አስገድዶ ወደ ቀኝ ያዞረዋል፤ ብረቱ ለስላሳ የሆነው የፔዳል ክንድ ጥርሱ ይላጫል። ከጥቂት ቀን በኋላ ፔዳሉ መንገድ ላይ ወልቆ ይወድቅና «የቻይና ዕቃ» ተብሎ ይረገማል። ፔዳሎቹ ጫፍ ላይ «ኤል» እና «አር» የሚሉ የላቲን ፊደላት ተቀርጸዋል፤ የመጀመሪያው የግራ፣ ሁለተኛው የቀኝ ነው። በመፍቻ ከመነካቱ በፊት በጣት ብቻ ጥቂት ዙር ካልገባ የተገጠመው በተሳሳተ ወገን ነው። ከሁለትና ሦስት ሳምንት ጉዞ በኋላም የፍሬንና የማርሽ ሽቦዎች ይረዝማሉ፣ የቸርኬው ራጂዎች ይላላሉ። ይህ የሚጠበቅ ነገር ነው፤ አንድ ጊዜ ተመልሶ መወጠር ይበቃዋል።

ኮርቻው ላይ ተቀምጠው ሁለቱም እግሮች መሬት መርገጥ አለባቸው የሚለው ምክር ለጀማሪ ሕፃን ይሠራል። ለአዋቂ ግን ጉልበትን ያሳምማል፤ ኮርቻው ሲያጥር ጉልበቱ በእያንዳንዱ ዙር ከመጠን በላይ ይታጠፋል። ትክክለኛው ከፍታ ተረከዝ ታችኛው ፔዳል ላይ ሲያርፍ እግሩ ቀጥ የሚልበት ነው፤ በፊት እግር ሲረገጥ ያን ጊዜ ጉልበቱ በልኩ ይታጠፋል።

ስለ ጎማ የሚነገረው ነገር የድሬዳዋ ፀሐይ ያለበት ነው፦ «ሙቀቱ እንዳያፈነዳው ግማሽ ብቻ ይነፋ»። አየር ሲሞቅ ግፊቱ እንደሚጨምር እውነት ነው፤ መጠኑ ግን ሰው እንደሚፈራው አይደለም። በ25 ዲግሪ 50 ፒኤስአይ የተነፋ ጎማ ፀሐይ ላይ ቆሞ 55 ዲግሪ ቢደርስ ግፊቱ ወደ 56 ወይም 57 ቢወጣ ነው። ጎማው የሚችለው ከፍተኛ መጠን ጎኑ ላይ ታትሟል፤ ከዚያ ጥቂት ዝቅ አድርጎ የነፋ ሰው የሚያሰጋው ነገር የለም። የሚያሰጋው በተቃራኒው ጎዶሎው ጎማ ነው። የኮብልስቶን ጠርዝ ወይም ድንጋይ ሲመታ ጎማው ተጨፍልቆ ከመነዳሪው በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ይቆነጠጣል። ጎሚስታው ዘንድ ሲወጣ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ይታይበታል፤ ሁለት ቀዳዳ ማለት እሾህ አልወጋውም፣ አየር አንሶት ነበር ማለት ነው። አንድ ቀዳዳ ከሆነ ግን ጥፋተኛው ኩርንችት ወይም የግራር እሾህ ነው። ያን ጊዜ ከመነዳሪውን ለጥፎ መመለስ አይበቃም፤ የውጭው ጎማ ውስጡ በጣት ቀስ ተብሎ ካልተዳሰሰ እዚያው ተሰክቶ የቀረው ጫፍ በማግስቱ ይደግማል። ጥልቅ ጥርስ ያለው ጎማ አስፋልት ላይም ይበልጥ ይይዛል የሚባለው ትክክል አይደለም። አስፋልት ላይ የሚይዘው መሬቱን የሚነካው የላስቲክ ስፋት ነው፤ ጥርሱ የሚጨምረው ጩኸትና ድካም ነው። ውሎው ከሳቢያን ሰፈር እስከ ከዚራ የሆነ ሰው ለስለስ ያለ ጎማ ቢገጥም ልዩነቱን በመጀመሪያው ቀን ያውቀዋል።

ካቴና ላይ «ዘይት ሲበዛ ይሻላል» የሚለው፣ በተለይም የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት፣ አቧራና አሸዋ ባለበት ከተማ ካቴናውን ይገድለዋል። ውጭው ላይ የቀረው ዘይት አሸዋውን ይዞ እንደ ሞረድ ጥርሱን ይበላል። ካቴናው በጨርቅና በላምባ ተጠርጎ ከደረቀ በኋላ በየመጋጠሚያው አንድ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ይበቃዋል፤ ፔዳሉ ጥቂት ከተዞረ በኋላ ውጩ እንደገና በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል። ዘይት የሚያስፈልገው ውስጡ ነው።

ከሁሉ በላይ መታረም ያለበት እምነት ስለ ፍሬን ነው። «የፊት ፍሬን ይገለብጣል» በመባሉ የኋላውን ብቻ የሚጠቀም፣ አልፎም የፊቱን ፈትቶ የሚጥል አለ። ብስክሌት ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ የኋላው ጎማ ይቀልላል፤ ቀልሎ የተያዘ ጎማ ደግሞ ይንሸራተታል እንጂ አያቆምም። በደረቅ አስፋልት አብዛኛው የማቆም ኃይል ያለው ከፊት ነው። የሚገለብጠው ፍሬኑን በድንገት ሙጭጭ ማድረግ ነው፤ ቀስ በቀስ እየጠበቀ የሚያዝ፣ ሰውነትም ወደ ኋላ የሚሸሽ ከሆነ አይገለብጥም። አሸዋና ልቅ ጠጠር ላይ ብቻ፣ በተለይ መሪው ሲታጠፍ፣ የፊቱ በጥንቃቄ መያዝ አለበት።

ይህ ጉዳይ ደንገጎ ላይ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ በደንገጎ እየተጠማዘዘ እስከ 2,000 ሜትር ገደማ ይወጣል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ15 ኪሎ ብስክሌት 800 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚለቀቀው ኃይል 670 ኪሎ ጁል ያህል ነው፤ ሁለት ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከፊሉን ነፋስ ይወስደዋል፤ በዝግታ ለመውረድ ፍሬን ይዞ በሚቆይ ሰው ግን አብዛኛው ላስቲኩና ቸርኬው ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። የካሊፎርኒያው የመጀመሪያ ውድድር «ሪፓክ» (እንደገና መሙላት) የተባለው በዚሁ ምክንያት ነበር፤ አንድ ቁልቁለት ሲወረድ የኋላው ፍሬን ግራሶ ተኖ ስለሚያልቅ የጎማው ማዕከል እንደገና በግራሶ ይሞላ ነበር። ስለዚህ ቁልቁለት ላይ ሁለቱን ፍሬኖች እያፈራረቁ ይዞ መልቀቅ፣ ከረጅም ጥምዝ በኋላም ቆሞ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። ቸርኬውን የሚነክሰው ላስቲክ ላይ ያሉት መስመሮች ከጠፉ ላስቲኩ አልቋል፤ በዚያ ደንገጎን መውረድ አይሞከርም። የዲስክ ፍሬን ያለው ርካሽ ብስክሌት ከዚህ ነጻ ነው ማለትም አይቻልም። በሽቦ የሚሠራው ዲስክ ሳይስተካከል ሲቀር በደንብ ከተወጠረ የላስቲክ ፍሬን ያንሳል፤ የካቴና ዘይት ጠብታ ዲስኩ ላይ ካረፈች ደግሞ መያዙን ያቆማል።

ስለ ሰውነት የሚነገሩት ተረቶች ከብስክሌቱ ይልቅ ሰውን ይጎዳሉ። «ሴት ልጅ ብስክሌት ከነዳች ድንግልናዋን ታጣለች» በሚል ስንት ልጅ ከኮርቻ ወርዳለች። ድንግልና በአካል ምርመራ የሚታወቅ ነገር አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2018 እንዲህ ያለው ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት የሌለው በመሆኑ እንዲቀር ጠይቀዋል። ብስክሌት የምትነዳ ልጅ የምታገኘው ጤናና ወደ ትምህርት ቤት ፈጥኖ መድረስ ነው። ወንዶችን ያመክናል የሚባለውም እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመና ከ5,000 በላይ ብስክሌት ነጂ ወንዶችን ባካተተ የብሪታንያ ጥናት አልተደገፈም፤ በነዱት ሰዓትና በመካንነት መካከል ግንኙነት አልተገኘም። ብልት አካባቢ መደንዘዝ ከተሰማ ግን ችላ አይባልም፤ የኮርቻው አፍንጫ ወደ ላይ ቀና ብሎ ሊሆን ስለሚችል ይስተካከል። «ላብ ላይ ውሃ አይጠጣም» የሚለውም በሰኔ ሙቀት አደገኛ ነው። ብስክሌት ላይ ነፋሱ ላቡን ቶሎ ስለሚያደርቀው ነጂው ምን ያህል ውሃ እንዳጣ አይታወቀውም፤ በየመሀሉ ጥቂት ጥቂት መጎንጨት ይኖርበታል።

የመጨረሻው እምነት የድሬዳዋ ብቻ ነው፦ «ሰማዩ ከጠራ ደቻቱ ደረቅ ነው»። ከዚራንና መጋላን የሚለየው ይህ የአሸዋ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ውሃ ስለሌለው ሰፊ ጎማ ያለው ብስክሌት የያዘ ሰው ማቋረጫ ያደርገዋል። ደቻቱን የሚሞላው ግን ከተማዋ ላይ የሚዘንበው ዝናብ አይደለም፤ ከበላይ ባሉት ተራሮች ላይ የወረደው ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት፣ ሐምሌ ሊወጣ ሲል፣ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሎ ሺዎችን አፈናቅሏል። አሸዋ ውስጥ ብስክሌት መግፋት እንጂ መንዳት አይቻልም ማለት ይቻላል፤ የወንዙ ድምፅ ሲሰማ ብስክሌት እየገፉ ወደ ዳር መድረስ አይታሰብም። በበልግና በክረምት ወራት፣ ተራራው ላይ ዳመና ከታየ፣ የብስክሌተኛው መንገድ በድልድዩ በኩል ነው።